ሁለት ሌሊት ለሺአን ይበቃል? ከመነሻው ጽሑፍ እስከ 20ኛው ምላሽ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለ ቻይናዋ ከተማ ስለ ሺአን አንድ ክር ተከፍቶ ነበር። የመነሻው ጽሑፍ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ያለቀ ዕቅድ ነበር። ጸሐፊዋ ለንግድ ጓንጁ ትገባለች፤ ዕቃዋ እስኪጫን ድረስ ሦስት ቀን ነፃ ነች፤ እናቷም አብረዋት ናቸው። ከመስከረም 22 እስከ 24፣ ከዓርብ እስከ እሑድ ማለት ነው፣ ሺአንን አይታ ልትመለስ አስባለች። ዓርብ ማታ መግባት፤ ቅዳሜ ጠዋት የሸክላው ሠራዊት (ከመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት መቃብር አጠገብ የተገኙት የሸክላ ወታደሮች)፣ ከሰዓት የሻአንሺ ታሪክ ሙዚየም፣ ማታ የሙስሊሞቹ ሰፈር፤ እሑድ የሁዋሻን ተራራ፣ ማታውኑ በረራ። አቋሟን አልደበቀችም፦ ሁለት ሌሊት ይበቃል፣ ሰው ሺአንን ያካብደዋል። ከሥሩ ሦስት ጥያቄ አስከትላለች። ባቡር ይሻላል አውሮፕላን? ጥሬ ገንዘብ ይሠራል? ዓርብ የሚጾም ሰው ምን ይበላል?

ክሩ ረዝሟል፤ ያው ጥያቄም በየጊዜው እየተመላለሰ ይመጣል። ስለዚህ ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አቅርቤያቸዋለሁ። የታሪክ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ምላሽ ሰላምታውን አስቀድሞ ወደ መጓጓዣው ገባ። ከጓንጁ ደቡብ ጣቢያ እስከ ሺአን ሰሜን ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር ስምንት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ሌሊት ብቻ ላለው ሰው ባቡሩ አያዋጣም። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ሰሜን ምዕራብ በሺየንያንግ በኩል ነው፤ 14ኛው የሜትሮ መስመር እስከ ሰሜን ባቡር ጣቢያ ያመጣል፣ ከዚያ በ2ኛው መስመር ወደ ደወል ግንብ ይወረዳል። ማደሪያውን በከተማው ቅጥር ውስጥ፣ በደወል ግንቡና በደቡብ በር መካከል መያዝ ነው የሚመክረው፤ ምክንያቱም 2ኛው መስመር ሰሜን ጣቢያን፣ ደወል ግንቡን፣ ደቡብ በርንና ለታሪክ ሙዚየሙ የሚወረድበትን ሺያኦጃይን በአንድ ያያይዛቸዋል። ሜትሮው እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ይቆማል፤ ስለዚህ ዓርብ አምሽቶ የሚያርፍ በረራ የያዘ ሰው ለታክሲ ይዘጋጅ።

2ኛው ደግሞ ከቤጂንግ ወይም ከቼንግዱ በባቡር ለሚመጡት አንድ ነገር አከለ። የሺአን ሰሜን ጣቢያና የሺአን ጣቢያ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ፈጣኖቹ ባቡሮች በብዛት የሚቆሙት ቲኬቱ ላይ ሺአን ቤይ ተብሎ በሚጻፈው በሰሜኑ ነው፤ አሮጌው ጣቢያ ከቅጥሩ ሰሜናዊ ጎን አጠገብ ነው። ወደ ሸክላው ሠራዊት የሚሄደው 306 ቁጥር አውቶቡስ የሚነሳው ከአሮጌው ጣቢያ ምሥራቃዊ አደባባይ ስለሆነ፣ ሰሜን ጣቢያ ወርዶ 306ን የሚፈልግ ሰው አንድ ሙሉ ጠዋት ሊያጠፋ ይችላል። የባቡር ቲኬት ከ15 ቀን በፊት ይከፈታል፤ በሩ የሚዘጋው ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃዎች ቀድሞ ነው። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው አውቶማቲኩ በር ካላሳለፈው ሠራተኛ ወዳለበት መተላለፊያ መሄድ አለበት።

3ኛው ምላሽ በእኔ ግምት የክሩ ዋና ነው። ሰው ሁሉ የሚያሰላው ሰዓት ነው፤ ጉዞውን የሚወስነው ግን የትኛው ቲኬት ቀድሞ ያልቃል የሚለው ነው ይላል። የታሪክ ሙዚየሙ መደበኛ ክፍል በነፃ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይመጣል። ቦታው ከጥቂት ቀናት በፊት ይለቀቃል፣ ወዲያው ያልቃል፤ ሰኞም ዝግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሙዚየሙን ቦታ መሞከር፤ የተገኘውን ቀንና ሰዓት መያዝ፤ የሸክላውን ሠራዊት በተረፈው ቀን ላይ ማስገባት። የሸክላው ሠራዊት 120 ዩዋን ነው፤ የሚያዘው በስምና በፓስፖርት ቁጥር ስለሆነ በሩ ላይ ፓስፖርቱ ራሱ ይጠየቃል፣ ፎቶ ኮፒ አይሆንም። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ብቻ የሚያገለግል ምክር አለው። የሦስት ትውልድ ስም ያለው ሰው አንዴ የአባቱን፣ አንዴ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ሲሞላ ባቡሩ በአንድ ስም፣ ሙዚየሙ በሌላ ስም ይያዝለታል። ፓስፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች አይቶ፣ ስሙን በዚያው ቅደም ተከተል በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርጎ መጻፍ ነው። በቁጥሩም ውስጥ ዜሮውን በኦ ፊደል አለመተካት።

4ኛው በ3ኛው ላይ ተቆጣ። ቲኬት ካልተገኘ ዓለም ያለቀ አስመሰልክብን ነው ነገሩ። የታሪክ ሙዚየሙ ቢያመልጥ ከትንሿ የዝይ ፓጎዳ ግቢ ውስጥ የሺአን ሙዚየም አለ፤ ግቢው ዛፍ የበዛበትና ጸጥ ያለ ነው። ፓጎዳዋም ከ707 እስከ 709 የተሠራች፣ 15 ደረጃ የነበራት፣ አሁን 13 የቀራት፣ 43 ሜትር ገደማ የምትደርስ ናት። ትልቋ በ652 ለመነኩሴው ሹዋንዛንግ መጻሕፍት የተሠራች፣ 64 ሜትር ከፍታ ያላት ናት፤ ሰው የሚጋፋው ግን እሷ ጋ ነው። ሲቆጣም እውቀቱን አልነፈገንም።

5ኛው ወደ ሸክላው ሠራዊት የሚወስደውን መንገድ ጣቢያ በጣቢያ ዘረዘረ። ከደወል ግንብ በ2ኛው መስመር አንድ ጣቢያ ወደ ሰሜን፣ ቤይዳጂዬ ላይ መቀየር፤ በ1ኛው መስመር ወደ ምሥራቅ እስከ ፋንግጂቸንግ፤ ከዚያ በ9ኛው መስመር እስከ ሁዋቺንግቺ፤ የቀረውን በከተማ አውቶቡስ። ከበር እስከ በር አንድ ሰዓት ተኩል መያዝ ነው። ከ306 ይልቅ ይህን የሚመርጠው 306ን አስመስለው የሚጭኑ፣ መንገድ ላይ የቅጂ ሐውልት መሸጫ ቤት አስገብተው የሚያቆዩ መኪኖች ስላሉ ነው። እውነተኛው አውቶቡስ ገንዘብ የሚቀበለው መኪናው ውስጥ ነው፤ አደባባዩ ላይ እጅ እየጎተተ የሚጠራ ሰው ካለ አውቶቡሱ ያ አይደለም።

የመክፈቻ ሰዓቱን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ብሎ ስለጻፈ፣ 6ኛው በሩ ከሰዓት በኋላ ነው እንዴ የሚከፈተው ብሎ ጠየቀ። አሜሪካ ያደገ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ይታወቃል። ጠዋቱ የሚል ቃል እያለ እንዴት ይሳሳታል ብለው ሁለት ሰዎች በመሐል ቧለቱበት፤ ቁጥር ያልተሰጣቸው አጫጭር አስተያየቶች ስለሆኑ አልቆጠርኳቸውም። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ቲኬቱ ላይ የሚታተመው 8፡30 ነው፤ ቤት ውስጥ በእኛ ሰዓት ተነጋግሮ ስልክ ላይ በፈረንጅ ሰዓት የሚያስይዝ ቤተሰብ ስድስት ሰዓት ይሳሳታል።

7ኛው የሸክላ ወታደሮቹ ወደቆሙባቸው ሦስት ጉድጓዶች ወሰደን። የተለመደው ምክር ከ3ኛው ጉድጓድ ጀምሮ፣ 2ኛውን አይቶ፣ ትልቁን ለመጨረሻ ማቆየት ነው፤ ዓይን ከትንሹ ወደ ትልቁ እንዲሄድ። ይህ ሰው ይህን አይቀበልም። ቅዳሜ ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በ1ኛው ጉድጓድ ፊት ለፊት ካለው አጥር ሰው አራትና አምስት ረድፍ ይደረደራል፤ ስለዚህ በር ሲከፈት በቀጥታ ወደ 1ኛው። አዳራሹ 230 ሜትር በ62 ሜትር ነው። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ፎቶ ሲያነሳ በጎን ዞሮ ወደ ኋላ መሄድ፤ የተሰበሩት ሐውልቶች ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ የሚገጣጠሙበት ቦታ እዚያ ነው። በእኔ ግምትም አዛውንት እናት ይዞ ለሚሄድ ሰው 7ኛው ትክክል ነው። ሌላም አለው፦ ሁለቱ የነሐስ ሠረገሎች አሁን ያሉት በንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ጉብታ ግቢ፣ ሊሻን በሚባለው በኩል ነው፤ ቲኬቱ ያው ነው፣ በሁለቱ መካከልም ነፃ መኪና አለ። ይህን ሳያውቅ ወደ ሜትሮው የሚመለስ ሰው ከቦታው ምርጥ የሆነውን ትቶ ይሄዳል። ሠረገሎቹ በእውነተኛው ግማሽ መጠን የተሠሩ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ3,000 በላይ ክፍሎች አሏቸው።

8ኛው ምላሽ የአዛውንት ነው፤ ጠያቂዋን ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። በ1974 ውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች እንዴት እንዳገኙት ካስታወሱ በኋላ፣ የወታደሮቹ ሰይፍ ከ2,000 ዓመት በላይ ያልዛገው የጥንት ሰዎች በክሮም ለብጠውት ስለሆነ ነው አሉ። 9ኛው በአክብሮት፣ አንቱ እያለ አረማቸው። ይህ አባባል ለአሥርተ ዓመታት ሲነገር ቆይቷል፤ በ2019 የወጣ ጥናት ግን ክሮሙ ለዝገት መከላከያ የተቀባ ሳይሆን ከእጀታውና ከእንጨቱ ላኬር፣ ማለት ከዛፍ ሙጫ ከሚሠራ ቅብ፣ የመጣ መሆኑን አሳየ። ነሐሱን የጠበቀው በአብዛኛው የአፈሩ ጠባይና የብረቱ ቅይጥ ነው። ስለ ቀለሙም ጨመረ፦ ሐውልቶቹ ሁሉ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ቀለሙ ያረፈው ላኬሩ ላይ ነው፤ ላኬሩ ከእርጥብ አፈር ወጥቶ ደረቅ አየር ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ተጠቅልሎ ይላጣል። የንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ራሱ እስካሁን ያልተከፈተበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አዛውንቱም አመስግነው አለፉ። መድረኩ ላይ እንዲህ ያለ እርማት ብዙ ጊዜ አይታይም።

10ኛው ጠያቂዋን አልማረም፤ ሁዋሻንን ከዕቅዱ አውጪው ነው ያላት። ከሰሜን ጣቢያ እስከ ሁዋሻን ሰሜን ፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ቢል ነው፤ ሰው የሚታለለውም በዚህች ግማሽ ሰዓት ነው። ከጣቢያው ወደ ጎብኚ ማዕከሉ መኪና አለ፣ ከማዕከሉ ወደ ኬብል ካሩ ሌላ የግዴታ አውቶቡስ አለ፣ ኬብል ካሩ ጋ ወረፋ አለ፣ ከወረዱም በኋላ የሚቀረው ደረጃ ነው። ደቡባዊው ጫፍ 2,154 ሜትር ነው። ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ከባድ ሻንጣ፣ የማታ በረራና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት በአንድ ላይ አይችሉትም። እናትየዋ ጉልበት እንደሚያማቸው ጠያቂዋ አልጻፈችም፤ ሰውየው ከራሱ ጨምሮ ነው። ምክሩ ግን ያለ ጉልበቱም ይቆማል።

11ኛው በተራራው ፈንታ የከተማውን ቅጥር አቀረበ። በ1370 የሚንግ ነገሥታት ያስጀመሩት፣ ዙሪያው 13.7 ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሜትር፣ አናቱ መኪና የሚያሳልፍ ስፋት ያለው ነው። መግቢያው 54 ዩዋን፤ ብስክሌት በየዋናው በር ይከራያል፣ ለመያዣ ገንዘብ ይጠየቃል፣ በሌላ በር መመለስም ይቻላል። ሙሉውን ለመዞር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ጡቡ እኩል ስላልሆነ እጅና ወገብ ይመታል። እናትን ግን በኤሌክትሪክ መኪናው ማስቀመጥ። ዝናብ ከጣለ ጡቡ ስለሚያንሸራትት ብስክሌቱ ይቆማል፤ ሺአን ደግሞ የመጸው ዝናቧ የሚበረታው በመስከረም ነው።

ይህች የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ክሩን ገለበጠችው። 12ኛው መስከረም የቱ መስከረም ነው ብሎ ጠየቀ። እስከዚያ ድረስ የመለሱት ሁሉ መስከረም 22ን ሴፕቴምበር 22 ብለው አንብበውት ኖሯል። የጠያቂዋ መስከረም የእኛው ነው፤ 22 ማለት ኦክቶበር 2። ቻይናውያን የብሔራዊ በዓላቸውን ሳምንት የሚያከብሩት ደግሞ ከኦክቶበር 1 እስከ 7 ነው። በዚያ ሳምንት አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ ባቡሩ ቲኬቱ በተከፈተበት ቅጽበት ያልቃል፣ የሆቴል ዋጋ ይቆለላል፣ ደወል ግንቡ አጠገብ የእግር መንገዱ ራሱ በፖሊስ ገመድ ይከፈላል። 12ኛው ሰው እዚህ ላይ ንግግሩን አላለሰለሰም፦ በዓሉን የማታውቂ ነጋዴ ዕቃሽ በዚያ ሳምንት ይጫናል ብለሽ እንዴት ታስቢያለሽ፣ ፋብሪካውም ጫኙም ዝግ ነው አላት። እውነቱን ነው፤ አነጋገሩ ግን ሌሎቹን አስቆጣ፣ አስተዳዳሪውም አንድ ዐረፍተ ነገር ሰረዘበት።

ጠያቂዋ በ13ኛው ተመለሰች። ጭነቱም ጉዞውም ከኦክቶበር 8 በኋላ እንዲሆን አድርጋለች፤ ሁዋሻንን ሰርዛለች። ዓርብ ማታ መግባት፣ ቅዳሜ በማለዳ የሸክላው ሠራዊትና ሊሻን፣ ማታ የሙስሊሞቹ ሰፈር፣ እሑድ ጠዋት ቅጥሩ፣ ከዚያ ቲኬት ከተገኘ የታሪክ ሙዚየሙ፣ ካልተገኘ ትንሿ ፓጎዳ። ስለ ጾሙና ስለ ገንዘቡ እስካሁን የመለሰልኝ የለም ስትልም በትንሹ ተኮሳትራለች።

14ኛው ለገንዘቡ ደረሰላት። ጥሬ ገንዘብ ሕጋዊ ነው፣ ግን ሻጩ መልስ አይኖረውም፤ አምስትና አሥር ዩዋን መንዝሮ መያዝ ነው። አሊፔይና ዊቻት የሚባሉት የስልክ መክፈያዎች የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላሉ፤ ካርዱን አገር ቤት ሳሉ ማያያዝ ያስፈልጋል፣ የባንኩ የማረጋገጫ መልእክት የሚመጣው በአገር ቤቱ ሲም ነውና። በአንድ ጊዜ ከ200 ዩዋን በታች ለሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ የለም፤ ከዚያ በላይ ሦስት በመቶ ይቆረጣል። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ጉግል በቻይና ሲም አይሠሩም፤ በሮሚንግ የመጣ ሲም ግን ይከፍታቸዋል። ለካርታ ጋኦደ የሚባለውን መጫን።

ስለ ምግብ 15ኛው በደንብ ጻፈች። ለዓርብ ሊያንግፒ ነው፦ የስንዴ ሊጡ በውኃ ታጥቦ ስታርቹ በእንፋሎት ይበስላል፣ እንደ ሰፊ ፓስታ ይቆረጣል፤ ከእጥበቱ የቀረው ሊጥ እንደ ስፖንጅ ተደርጎ ይጨመርበታል። ኮምጣጤ፣ ነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ዘይት ይፈስበታል፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሥጋም ወተትም የለውም። ዮፖ የሚባለው ሰፊ ፓስታም ይሆናል፤ በርበሬው ላይ የጋለ ዘይት የሚደፋበት ነው፣ ሲያዙ ግን ቡ ያኦ ሮ ማለት፣ ሥጋ አልፈልግም ነው። በሙስሊሞቹ ሰፈር አሳማ የለም፤ ስለዚህ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሚያሳስብ ነገር ያነሰበት ቦታ ነው። ከሰፈሩ ውጭ ሮጂያሞ የሚባለው ሥጋ በዳቦ ብዙውን ጊዜ አሳማ ነው፤ በሰፈሩ ውስጥ የበሬ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ያንግሮ ፓኦሞ፦ ጠንካራ ቂጣ ከባዶ ሳህን ጋር ይሰጣል፣ ተመጋቢው ራሱ በጣቱ እስከ አኩሪ አተር ፍሬ ያህል ይቆራርሰዋል፣ ከዚያ ሳህኑ ተመልሶ በበግ ሾርባ ይበስላል። ትልልቅ አድርጎ የቆረሰ ሰው ውስጡ ደረቅ የሆነ ቂጣ ይበላል። ቤይዩዋንመን ዋናው ጎዳና ለቱሪስት ነው፤ ወደ ጎን ባሉት ቅያሶች ዋጋውም ጣዕሙም ይሻላል። ታላቁ መስጊድም እዚያው ነው፤ ጣሪያው የቻይና ቤተ መቅደስ የሚመስል፣ ግቢው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ። የጸሎት አዳራሹ ለሙስሊም ብቻ ነው።

16ኛው ከርዕስ ወጣ፤ ክሩ ከመኝታ ሰዓቱ ያለፈውም በእሱ ነው። እናትየዋ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆኑ የድንጋይ ጽሑፎች ሙዚየሙን፣ ቤይሊንን እንዳይዘልሉ አለ። በደቡብ በር አቅራቢያ ነው፤ ስብስቡ ከ1087 ጀምሮ የቆየ ነው። እዚያ ያለው በ781 የቆመ ባለ ጽሑፍ ድንጋይ አሎፔን የተባለ ሰባኪ በ635 ቻንግአን፣ ማለት ያኔዋ ሺአን፣ መድረሱንና የታንጉ ንጉሠ ነገሥት እንደተቀበለው ይተርካል። አናቱ ላይ በሎተስ አበባ ላይ የቆመ መስቀል አለ፤ በጎኖቹ የካህናት ስም በሱርስት ተቀርጿል። 17ኛው የተናደደው በዚህ ነው፦ እነዚህ ንስጥሮሳውያን ናቸው፣ በ431 በኤፌሶን የተወገዘን ትምህርት ለእናቶች ማስጎብኘት ምን ይባላል። 18ኛው ንስጥሮሳዊ የሚለውን ስም የሰጧቸው ተቃዋሚዎቻቸው መሆናቸውን፣ ራሳቸውን የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ይሉ እንደነበር አስረዳ፤ ድንጋይ ማየት ከማመን ጋር አንድ አይደለም ብሎም ጨመረ። 17ኛው ሌላ ሦስት ረጅም አንቀጽ ጽፎ ነበር፤ አስተዳዳሪው ወደ ሃይማኖት ክፍሉ አዛወረው።

በ19ኛው ከዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሰው በአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛ አያስፈልገኝም፣ 240 ሰዓት በነፃ ይሰጣል፣ ከአዲስ አበባ ጓንጁ ገብቼ ሺአንን አይቼ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ አለ። 20ኛው በአጭሩ መለሰለት። ነፃው ለመሸጋገሪያ ነው፤ ከመጡበት አገር ወደ ሌላ ሦስተኛ ቦታ የሚሄድ የተረጋገጠ ቲኬት ይጠየቃል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አያልፍም፤ መውጫው በሆንግ ኮንግ ወይም በባንኮክ ከሆነ ያልፋል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከገቡበት ቀን ቀጥሎ ካለው እኩለ ሌሊት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጠያቂዋም የያዘችው የአንድ ጊዜ መግቢያ የንግድ ቪዛ ከሆነ፣ ዕቃው እስኪጫን ሆንግ ኮንግ ደርሼ ልምጣ እንዳትል፤ እዚያ መሻገር ከቻይና መውጣት ስለሚቆጠር በዚያ ቪዛ ወደ ጓንጁ አትመለስም።